ያላበው ግድግዳ

አናጢው ከሞቱ ወዲህ ያንን ጭስ ማውጫ የነካው ሰው አልነበረም። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ በገዛ እጃቸው ያቆሙት እሳቸው ነበሩና፣ ጠባዩን የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ይመስሉ ነበር። ምድር ቤት ያለው የብረት ምድጃ፣ ከምድጃው ተነስቶ ግድግዳ ውስጥ የሚገባው የቆርቆሮ ቧንቧ፣ ከዚያም በፎቁ መኝታ ክፍል በኩል አልፎ ጣሪያውን በስቶ የሚወጣው የጡብ ጭስ ማውጫ፣ ሁሉም የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ጣሪያ ላይ ይወጡና፣ ወገቡ ላይ የሽቦ ብሩሽ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ከባድ ብረት የታሰረበት ረጅም ገመድ በጭስ ማውጫው አፍ ወደ ታች ይለቃሉ። ሚስታቸው ታች ሆነው፣ በምድጃው ጎን ባለችው ትንሽ የጥቀርሻ በር በኩል የገመዱን ጫፍ ይቀበላሉ። አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል። ሲጨርሱ ከሁለቱም ላይ ከጥርስ በቀር ነጭ ነገር አይገኝም ነበር።

አናጢው አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ በዚያው ቀሩ። ሚስታቸው አላለቀሱም። ጎረቤት "እንዴት ያለ ድንጋይ ልብ ነው" ብሎ አማ፣ ደከመውና ተወ። ገመዱም ብሩሹም ጥግ ላይ እንደተጠቀለለ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ የምታውቀው በወሬ ነው። ወደዚህ ቤት በምራትነት የገባችው አናጢው አፈር ከለበሱ በኋላ ነበር፤ በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። ባሏ፣ የአናጢው አንድ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ይከርምና ቅዳሜ ብቅ ይላል፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠግቡት ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱን በእውነት የሚኖሩበት ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው የሚለውን ሰው ሁሉ አሳፍረዋል። እሷ ምድጃው አጠገብ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ አማቷ ቁልፍ ይተክሉላታል፤ ሲመሽ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ ወደ ፎቅ ይወጣሉ።

በዚያ ዓመት ብርዱ ቀድሞ ገባ። ሾፌሩ ያመጣው እንጨት ገና ከግንዱ የተለየ እርጥብ ነበር፤ እሳት ውስጥ ሲገባ እየተንጫጫ ውሃ ይተፋል። ልብስ ሰፊዋም እንጨቱ ቶሎ እንዳያልቅባት የምድጃውን የአየር ቀዳዳ ትደፍንና እሳቱን አፍና ታውለዋለች። ነበልባል አይታይም፤ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ሙቀት እስከ ሰጠ ድረስ ምን ቸገራት?

እድፉን መጀመሪያ ያየችው አንሶላ ልትቀይር ፎቅ ስትወጣ ነው። በአማቷ አልጋ ራስጌ፣ ጭስ ማውጫው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ፣ የሳንቲም ያህል ቡናማ ነገር አለ፤ የፈሰሰ ሻይ ይመስላል። በሳሙናና በብሩሽ ፈገፈገችው። ለቀቀ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ያውም መዳፍ አክሎ። ኖራ ቀባችው። ኖራው ገና ሳይደርቅ ቡናማው ወዝ ከሥር ሰርስሮ ወጣ፤ በጣቷ ብትነካው ያጣብቃል፣ ያቃጠሉት ጫማ ይሸታል።

"ተይው ልጄ" አሉ አማቷ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው። "አትልፊ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።"

"እንዴ እማማ! ግድግዳው እኮ እያላበው ነው።"

"ያልበው። ማንን ነካ?"

ከዚያ በኋላ እድፉ እንደ ሰው ያድግ ጀመር። መጀመሪያ ትከሻ የሚመስል ነገር ወጣው፤ ቀጥሎ ከትከሻው በላይ ክብ ጥላ። ልብስ ሰፊዋ ላለማየት ፊቷን እያዞረች ነበር አልጋ የምታነጥፈው። ሲመሽ ደግሞ ከፎቅ የአማቷን ድምፅ ትሰማለች። ጸሎት መስሏት ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ሥር ቆማ ጆሮዋን ብትጥል ግን ጸሎት አልነበረም።

"…እሱማ ደህና ነው፤ መኪናው ብቻ አረጀበት። አዎን። አንተ ደግሞ፣ እንዲህ እያሳለህ በብርድ ትዞራለህ!"

ቀልቧ ተገፈፈ። ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አላት። ሳል? ማን ነው የሚስለው?

ካሰበችው ጊዜ ጀምሮ እሷም ትሰማው ጀመር። ከግድግዳው ውስጥ፣ ከቧንቧው መታጠፊያ አካባቢ፣ ጉሮሮውን የሚጠራርግ የወንድ ሳል። ራሷ ይከብዳታል፣ ጉልበቷ ይዝላል፣ የሰፋችውን ትረሳና እጅጌ በኮሌታ ቦታ ትገጥማለች። ገበያ ወጥታ ስትመለስ ግን ደህና ናት፤ ደጅ ስትረግጥ ራስ ምታቱ እንደ ባርኔጣ ይወልቅላታል። እሷም ይህን በሌላ ተረጎመችው፤ "ቤት ቤቱን ነው የሚጠብቀው፣ ውጭ አይከተለኝም" አለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አየችው። ቀን ነው፣ ብርሃን ነው። ከሥራዋ ቀና ስትል ምድጃው ፊት፣ አማቷ ቁልፍ ሲተክሉ በሚቀመጡበት አጭር በርጩማ ላይ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። ከባድ ኮት ለብሷል። የአንድ እግሩ ጫማ ተረከዙ ተረግጦ እንደ ሸበጥ ተጎትቷል። የሚገርመው አልፈራችም። ደክሟት ስለነበር እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ቆጥራው መስፋቷን ቀጠለች። ክሩ ሲያልቅ ቀና ብትል በርጩማው ባዶ ነው። ያኔ ነው ጸጉሯ የቆመው።

ቅዳሜ ባሏ መጣ። በሩን ከፍቶ እንደገባ አፍንጫውን ያዘ።

"ምንድን ነው ይሄ መታፈን? ምን ስትቀቅሉ ነው የዋላችሁት?"

መስኮቱን በረገደው። ማታ እራት ላይ እናቱ ከአየር ጋር ሲስቁ አይቶ ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

"ሁለታችሁም ዓይናችሁ ፈዟል። ምን ሆናችኋል?"

"አንተ ምንም አይሰማህም? ሳል… ምናምን?"

"የሚሰማኝ የሞተሬ ጩኸት ነው። እሱ ከሳምንት እስከ ሳምንት ከጆሮዬ አይወጣም" ብሎ ሳቀ። ከዚያ በላይ ብትናገር እብድ እንዳይላት ፈርታ ዝም አለች። እሱም ሄደ፤ መስኮቱም ተዘጋ።

ሆዷ ሊይዘው ስላልቻለ ለአማቷ ነገረቻቸው። ቁልፍ እየተከሉ ነበር። መርፌው እጃቸው ላይ ቆመ።

"አየሽው?"

"ጀርባውን ነው ያየሁት፣ እማማ። በርጩማው ላይ።"

"አናገረሽ?"

"ኧረ አላናገረኝም። ጫማው ብቻ… የአንዱ ተረከዝ ተረግጧል።"

አማቷ መርፌውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። "በየትኛው እግሩ?"

"በግራው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ማን ይነግረኛል?"

ልብስ ሰፊዋ በኋላ ስታስበው፣ በእኚያ ሴት ፊት ላይ ያኔ ያየችው ድንጋጤ አልነበረም። ደስታ ነበር፤ ከደስታው ሥር ደግሞ ቅናት። አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ግራው እግሩ ያብጥበት ነበር። ሃያ ጊዜ ጫማ ገዛሁለት፣ ሃያውንም ረግጦ ገደለው" አሉ። ከዚያ መርፌያቸውን አንስተው፣ "እኔን ግን ያናግረኛል" ብለው ጨመሩ።

ያ ሳምንት ጭጋግ ነበር። ነፋስ የሚባል ነገር የለም፤ የጎረቤቱ ሁሉ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት ክዳን ለክዳን ይሳባል። ልብስ ሰፊዋ የተጣደፈ ሥራ ስለነበረባት ምድጃውን እስከ አፉ ሞልታ አየሩን ደፈነችበት። አማቷ ፎቅ ጋደም ብለዋል። ሰፋች፣ ሰፋች፤ ከዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ ከእሷ እየራቀ ሄደ። ሰውየው በርጩማው ላይ ነበር። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። አሁን ሳሉ ቆሟል። ቀስ ብሎ ተነሳ። ጫማውን እየጎተተ ወደ እሷ መዞር ጀመረ፤ እሷም መላ ሰውነቷ ሞቅ ብሎት፣ ፊቱን ማየት በዓለም ላይ የቀራት አንድ ነገር ብቻ እስኪመስላት ድረስ ጓጓች። ትከሻው ዞረ። ጉንጩ ሊታይ ሆነ።

ከዚያ ብርድ። ፊቷ ላይ ውሃ፣ ጀርባዋ ሥር ጠጠር። ግቢው ውስጥ የውሃው ቧንቧ አጠገብ ተጋድማለች፤ አማቷ ባዶ እግራቸውን ከላይዋ ቆመው በጥፊ ያጮሏታል።

"ተንፍሺ! ተንፍሺ አንቺ ልጅ! ተንፍሺ ብዬሻለሁ!"

ከኋላቸው የምድር ቤቱ መስኮት ተሰብሮ ተከፍቷል፤ የተሰበረበት የልብስ መተኮሻ ብረት ደጅ ወድቋል። እኚያ ቁልፍ ሲተክሉ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ቢጠፋባቸው ከፎቅ ወርደው፣ እንዴት አድርገው በብብቷ ይዘው ጎትተው እንዳወጧት፣ እሳቸውም አያውቁትም። ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አስታወከች። አማቷ አጠገቧ ጠጠሩ ላይ ዘፍ አሉ።

"ገድዬሽ ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ፤ ገድዬሽ ነበር።"

ጤና ጣቢያ ሁለቱንም አስተኝተው ንጹሕ አየር በጭምብል ሰጧቸው። ሐኪሟ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ሽታም ቀለምም የሌለው የጭስ መርዝ ነው፣ ራስ ያዞራል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ያሰማል፣ በመጨረሻም ያስተኛል አለች። "ዕድለኞች ናችሁ" አለቻቸው። ሾፌሩ መኪናውን ከነጭነቱ አቁሞ ደረሰ።

እናቱ በሁለቱ ፊት ተናገሩ። አላለባበሱም።

"ዐውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ገመድ ከታች የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ። ጥቀርሻው ጥቁር ዱቄት ከሆነ ጤና ነው፤ ጠርጎ መጣል ነው። ቡናማ ሆኖ ካብረቀረቀ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ እሳቱም ታፍኗል። ጡቡ ላይ ነጭ ጨው ካበበ ዝናብ ገብቶበታል። የቆርቆሮው ቧንቧ ሰማያዊ ቀለበት ካወጣ ውስጡ ነዶ ያውቃል። ግድግዳው ካላበው ግን ጡቡና ጡቡ መሐል ያለው ምርጊት ተሰንጥቋል፤ በዚያ ስንጥቅ የሚወጣው ወዙ ብቻ አይደለም።"

"ታዲያ እማዬ ለምን ዝም አልሽ?" አለ ልጃቸው።

"መጣልኛ! የሚመጣው በዚያ ጭስ እንደሆነ ገባኝ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ብሞት የሞተ ተጎዳ፤ ሆዴ ይፍጀው አልኩ። ታች ድረስ ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም። እሷ አየሁት ስትለኝ ግን…" ወደ ምራታቸው ዞሩ። "ስትይኝ ግን ዐወቅሁ። ያኔም ዝም አልኩ። እሱን ነው ይቅር የማትዪኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ጭምብሉን ወደ አፍንጫዋ መለሰች። ቂም ፈልጋ በሆዷ ብትዳብስ ያገኘችው ሌላ ነገር ነበር፤ ለማንም የማይነገር ነገር። እሷም ፊቱን ሳታይ በመውጣቷ ትንሽ ቆጭቷት ነበር።

እንደተሻላቸው ጭስ ማውጫው ተጠረገ። ሾፌሩ ያን ሁሉ ገደል በመኪና የሚወርድ ሰው ሆኖ ሳለ ጣሪያ ላይ በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። ግንበኛም ጠርተው ነበር፤ እሱ ፎቅ ሆኖ ያላበውን ልስን ያፈርሳል። ታች የጥቀርሻው በር ላይ እናትዮዋ ተንበርክከው ገመዱን ያዙ። ልብስ ሰፊዋ "ልተካዎት" ብትላቸው፣ እንኳን ሊሰጧት ዞረውም አላዩአትም።

"ልቀቅ!" ብለው በጭስ ማውጫው ውስጥ ወደ ላይ ጮኹ። "በዝግታ! እንደ ፍሬንህ አትርገጠው!"

"የቱን ልልቀቅ? ወጥሮኛል እኮ!"

"ወገብህን ልቀቀው፣ ገመዱ ራሱ ይወርዳል!"

ግንበኛው ሳቀ። ልብስ ሰፊዋም ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ብሩሹ እየፋቀ ሲወርድ፣ በትንሿ በር በኩል የወጣው ጥቀርሻ ዱቄት አልነበረም። እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ፣ ጥቁርና ቡናማ የደረቀ ቅጥራን በቁርጥራጭ ይዘንብ ነበር። ከዚያ ገመዱ አንድ ቦታ ያዘ። ሁለቱም ሳቡ፤ አልሄደም። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ገመዱን በጣታቸው እየዳበሱ እንደሚሰማ ሰው ዝም አሉ፣ ከዚያ በድንገት ወደ ጎን መታ አደረጉት። የተጠቀጠቀ ጭራሮ፣ ላባና ጭቃ ተዘረገፈ፤ መሐሉ ላይ ክንፏን አጥፋ የደረቀች ጥቁር ወፍ ነበረች። ያን ጊዜ ከላይ አየር እየተምዘገዘገ ወረደ፤ ቧንቧው ረጅም ትንፋሽ የተነፈሰ መሰለ፤ የምድጃው በር በራሱ ተንቀሳቀሰ።

ከፎቅ የግንበኛው መዶሻ ቆመ።

ስንጥቁ ተመረገ፣ ራስጌው አዲስ ልስን ተለሰነ። ሾፌሩ እርጥቡን እንጨት ከዝናብ ተከልሎ እስኪደርቅ ዳስ ሥር ደረደረውና ደረቅ አመጣ። እሳቱ አሁን በቢጫ ነበልባል እየተንቀለቀለ ይነዳል፤ ልብስ ሰፊዋ ክር በአንድ ሙከራ መርፌ ውስጥ ታስገባለች። አማቷ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ፣ ጉንጫቸው ቀላ። ሲመሽ ግን ፎቅ ወጥተው፣ አዲሱ ነጭ ግድግዳ ፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ሥር ቆማ ታዳምጣለች። አሮጊቷ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ዝም ይላሉ። ሌላ ይጠይቃሉ፤ ዝም ይላሉ። ከቀናት በኋላ መጠየቁንም ተዉት።

አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ጥቁር ልብስ ለብሰው ወረዱ። ነጠላ ጫማቸው ደረጃውን ሲነካ ድምፅ አልነበረውም። ሾፌሩ መኪናውን ሊያጥብ ባልዲ ይዞ ነበር።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"አባትህ" አሉ። "አባትህ ሞተ።"

ያኔ ጮኹ። ሰው አስከሬን ሲገባ የሚጮኸውን ጩኸት፣ አናጢው ሲሞቱ ያልጮኹትን፣ ደረታቸውን እየደቁ ጮኹት። ሾፌሩ ባልዲውን ጥሎ እናቱን ያዘና እንደ ሕፃን አብሮ አነባ። ጎረቤት ግራ ገብቶት ተሰበሰበ፤ ማን እንደሞተ ሲጠይቅ አናጢው ናቸው ተባለ፤ ነገሩ ለማንም አልገባም፣ ግን ሰው ለቅሶ ላይ ጥያቄ አያበዛምና እየተቀመጠ አለቀሰ።

ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ባሏም ወደ መንገዱ ተመልሶ፣ ሁለቱ ሴቶች እሳቱ ፊት ብቻቸውን የቀሩበት አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። አማቷ ዓይናቸው አብጦ ነበር፤ ድምፃቸው ግን የቀለለ።

"ያን ቀን ጠጠሩ ላይ ስትነቂ፣ እየዞረ ነበር ብለሽኛል።"

"አዎ፣ እማማ።"

"ፊቱን አየሽው?"

"አላየሁትም። ሊዞር ሲል አወጡኝ።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ደረቅ ፍልጥ አንስተው በእጃቸው አመዛዘኑት።

"እኔም አላየሁትም" አሉ። "ያን ሁሉ ጊዜ ሲያወራኝ፣ አንድም ቀን ፊቱን አልሰጠኝም። ዙር ብዬ ብለምነው አይዞርም ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ መስፋቷን አቆመች። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ መስኮቱ ገርበብ ብሏል፣ አየሩ ንጹሕ ነው፤ ያም ሆኖ ጀርባዋን አንድ ነገር ሲወርራት ተሰማት።

"ታዲያ እሳቸው መሆናቸውን በምን ዐወቁ?"

አማቷ የምድጃውን በር ከፍተው ፍልጡን አስገቡ። ነበልባሉ ፊታቸውን ሞላው።

"ሌላ ማን ይመጣልኛል ብለሽ ነው፣ ልጄ?" አሉ፤ በሩንም ዘጉት።